አረማዊ ነኝ ያለው ጎረቤት

የአቶ ፍረዘጊን በር የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱንም እንዴት አድርጎ በገዛ እጁ እንዳራቀው ሲያስበው እስከ ዛሬ ራሱን ይነቀንቃል።

የሚኖረው ዌምብሊ ነው፤ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ አዳዲሶቹ የመስታወት ፎቆች ፀሐይ ከጋረዱባቸው አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ። በዚያ ሕንፃ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው ዕቃ አድራሹ የአንዱን እሽግ ለሌላው በስሕተት ሲሰጥ ነው። ፍረዘጊ አሥመራ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ሎንዶን ያረጀ ሰው ነው። ፓርክ ሮያል፣ አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ የእንግሊዝን ሕዝብ ቁርስ ሲጋግር ኖሮ፣ ዛሬ ለራሱ የሚገዛው ዳቦ ግማሹ ሳይበላ ይሻግታል። እዚህ አገር ለአንድ ሰው የሚበቃ ዳቦ አይጋገርም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሚስቱ አበባ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ማርያም ዕለት ዐረፈች። እሷ በሕይወት ሳለች እዚያ ቤት ሬዲዮ አያስፈልግም ነበር፤ ዜናውንም፣ ማስታወቂያውንም፣ ዘፈኑንም ብቻዋን ትሸፍነው ነበር። አሁን ፍረዘጊ ቴሌቪዥኑን ጠዋት ከፍቶ ማታ ይዘጋዋል እንጂ አያየውም። ልጃቸው አርሴማ የምትሠራው ሊድስ ነው። ትደውላለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«መድኃኒትህንስ?»

«ዋጥኩ።»

«በቃ አባዬ፣ ላቭ ዩ፣ ሚቲንግ አለኝ» ትላለች። ፍረዘጊ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ገና የሚያወራ ይመስል፣ ጥቂት ያየዋል።

በሩን የሚያንኳኳው ደሪክ ነው፤ የፊት ለፊቱ ጎረቤት። ደሪክ ዐሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ነው። ጢሙ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ ግራ ካልሲውና ቀኝ ካልሲው ተስማምተው የማያውቁ። ሚስቱ ጂል ከሞተች ቆይታለች። ሥጋ የሚባል ነገር አይቀምስም፤ ፍረዘጊ በሁዳዴ ወገቡን ይዞ ፋሲካን ሲቆጥር፣ ደሪክ ዓመቱን ሙሉ በምስርና በጎመን ይኖራል። ፍረዘጊ የሚለው ስም ደግሞ አፉ ውስጥ አልገባ ስላለው «ፍሬድ» ብሎ ገላግሎታል።

አበባ ከተቀበረች ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ያንኳኳል፤ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ። «ፍሬድ፣ ቤት ነህ?» ይላል። ሌላ የት ሊሆን ነው? የጋገረውን ኬክ ይዞ ይገባል፤ ወይም ፍረዘጊ ወደ እሱ ይሻገራል። አየሩ ደህና ሲሆን ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ግንዱ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ፣ ሎንዶን መንገድ ዳር ሁሉ የሚታይ ዓይነት ዛፍ ነው። ደሪክ ከመቀመጡ በፊት ከቢራው ጥቂት ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ፍረዘጊ ይህን ሲያይ «የሰው አገር ልማድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለውሻ ልደት ኬክ የሚቆርስ ሕዝብ ለዛፍ ቢራ ቢያጠጣ ምን ይገርማል?

ታዲያ አንድ የነሐሴ ማክሰኞ፣ ከዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ደሪክ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና «ፍሬድ፣ እኔ ፔጋን እንደሆንኩ ታውቃለህ አይደል?» አለው።

ፍረዘጊ ቃሉን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሲማር የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ ከጎኑ በጠመኔ «አረማዊ» ብለውበት ነበር። አረማዊን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል። ገድል ሲነበብ አረማዊ ሰይፍ ይመዛል፣ ቅዱሳንን በፈላ ዘይት ይቀቅላል፣ በመጨረሻም ምድር አፏን ከፍታ ትውጠዋለች። በመካከሉ ኬክ ሲጋግር የሚያሳይ ምዕራፍ የለም።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለ ፍረዘጊ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ።

«ሰው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው» አለ ደሪክ። «ሮማውያን ቃሉን ሲጠቀሙበት የገጠር ሰው ማለታቸው ነበር፤ መንደርተኛ። ከተሜው ክርስቲያን ሲሆን ገጠሬው በአሮጌው አምልኮ ስለቀረ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ወታደሮች ሲቪሉን የሚጠሩበት ነበር የሚሉም አሉ። ብቻ ስሙን ያወጡልን ሌሎች ናቸው። በኋላ እንደኔ ያሉት ሰዎች አነሡና ለራሳቸው አደረጉት።»

«እናንተ ብዙ ናችሁ?»

«ዓይነታችን ይበዛል። ድሩይድ አለ፣ ዊካ አለ፣ ሄዘን ነኝ የሚል አለ። ሁሉንም ፔጋን ስትላቸው የሚቀየም አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ኒዮ ፔጋን ይሉናል፤ አዲስ ናችሁ ለማለት።» ደሪክ ጢሙን ያዘ። «ሰባ አልፎኝ ጉልበቴን እያመመኝ፣ አዲስነቴ የቱ ጋ ነው?»

«መጽሐፍ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ጳጳስ?»

«የለንም።»

«ጾምስ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«ኮሚቴ» አለ ደሪክ፤ ብቻውን ሳቀ።

ፍረዘጊ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ደሪክ ግን ዋናውን ነገር ገና አላወጣውም ነበር።

«በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሙታናችንን የምናስብበት ማታ አለ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «ጠረጴዛ አቀርባለሁ፣ ሻማ አበራለሁ፣ ለጂል ወንበር አስቀምጣለሁ። ዘንድሮ… ካልከፋህ፣ ለአበባም ላስቀምጥላት አሰብኩ። አንተም ብትመጣ።»

የተባለው ማታ ከአበባ ሙት ዓመት ጋር አንድ ቀን ነበር። ፍረዘጊ ይህን በልቡ ቆጥሮ ደነገጠ። እምቢ ማለት ነበረበት፤ ወይም እሺ። እሱ ግን በይሉኝታ ያደገ ሰው ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አስብበታለሁ» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ወይዘሮ ዕፀገነት ተቀመጠች። ዕፀገነት ሂትሮው በጽዳት የምትሠራ፣ የማኅበራቸው ሰብሳቢ፣ ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን ድምፅ አለው፤ አውቶቡሱ ከላይም ከታችም ይሰማዋል።

«ምነው ፍረዘጊ፣ አፍህን ቆልፈህ የመጣህ?»

«ጎረቤቴ… አረማዊ ነኝ አለኝ።»

«ማ? ያ ሽማግሌው? አበባ ቀብር ላይ ከኋላ ቆሞ የነበረው?»

«እሱ።»

«በስመ አብ! በገዛ አፉ?»

«በገዛ አፉ።»

«እኛ አገር ሰው አረማዊ ቢሉት ዱላ ያነሣል። ይኼ ራሱን ይመርቃል?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ ዞረች። «ከቤቱ ምን በልተሃል?»

«ኬክ።»

«ኬክ!» አለች፤ መርዝ ያላት ይመስል። «አንተ እኮ ቆራቢ ነህ። ከአረማዊ ጋር ማዕድ የቆረሰ ሰው ቄደር ሳይጠመቅ ወደ ቁርባን አይቀርብም። እናቴ ነግራኛለች፣ ነፍሷን ይማረውና። ለአበባ ሙት ዓመት ልቆርብ ነው ስትል አልነበር?»

ቄደር ማለት ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው፣ ካህን ውሃ ላይ ጸልዮ የሚያጠምቀው የንስሐ ጥምቀት ነው። ፍረዘጊና አበባ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎን ለጎን ቆርበዋል። የሚመጣው ጥቅምት ማርያም ብቻውን የሚቆርብበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ለእሷ ያሰበው ስጦታ ይኸው ብቻ ነው። ቄደር ልጠመቅ ብሎ ካህን ፊት መቆም ደግሞ «ክጄ ነበር» ማለት ነው። በስተርጅና ምን ይባላል? ስለዚህ የነፍስ አባቱን ሳይጠይቅ ለራሱ ፍርድ ሰጠ፤ ከደሪክ መራቅ።

መራቅስ ይራቅ፤ ሰው ግን ሲርቅ ምክንያቱን ይናገራል። ፍረዘጊ ይህን አልቻለበትም። «ሃይማኖትህ ስለማይመቸኝ ነው» ብሎ ደግ ሰው ፊት ላይ ይነገራል እንዴ? ነውር ነው! ነውር ያልመሰለው፣ ማክሰኞ ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን በድንገት አጥፍቶ ኮሪደሩ ላይ በካልሲው ቆሞ ትንፋሹን መያዝ ነው።

«ፍሬድ? ቤት ነህ?»

ከበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ላይ የደሪክ የሁለት እግሩ ጥላ ይታያል። ትንሽ ይቆያል። ይሄዳል። ፍረዘጊ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ጀርባውን ያየዋል፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀድዷል።

በተከታዩ ሳምንት በፎይል የተጠቀለለ ኬክ በሩ ላይ አገኘ። አይበላው ነገር ፈራ፤ አይጥለው ነገር ምግብ አይጣልም፣ ያውም ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ። ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። በሚቀጥለውም ሌላ። መስከረም ሲጠባ የፍረዘጊ ፍሪዘር የአረማዊ ኬክ ማከማቻ ሆኖ፣ የቀዘቀዘ አተር የሚቀመጥበት ጠፋ። ማታ ማታ በመስኮት ያያል፤ ደሪክ አግዳሚው ወንበር ላይ ከዛፉ ጋር ብቻውን ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ፍረዘጊ መስኮት ተመለከተ። ፍረዘጊ እጁን ሰደድ አድርጎ መብራቱን አጠፋ፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም ለማለት።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ማክሰኞ ፍረዘጊ አስቀድሞ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ተቀመጠ። ቆየ። የሊፍቱን ድምፅ ሰማ፤ ደሪክ አልነበረም። የላይኛው ቤት ልጅ ሲሮጥ ሰማ። በሩ ሳይንኳኳ መሸ። የተገላገለ መስሎት ተነሥቶ፣ በበሩ ቀዳዳ ባዶውን ኮሪደር አየ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን መልሶ አልከፈተውም።

አርሴማ ስትደውል ነገሩን እንደ ቀልድ አነሣላት።

«አባዬ፣ ሪላክስ! ፔጋን እኮ ኖርማል ነው። የኔ ማናጀር ፔጋን ናት። ሰመር ላይ ሊቭ ወስዳ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ትሄዳለች፣ በቃ።»

«በእኛ አረማዊ ማለት ነው።»

«አረማዊ ያ… ሰው የሚገድለው፣ ጨካኙ አይደል?»

«እሱ አረመኔ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ልዩነት አለው፤ በመጽሐፍ አንዱ የእምነት ስም ነው፣ ሌላው የጠባይ። በሰው አፍ ግን አንዱን ስትጠራ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ዕፀገነት አውቶቡሱ ላይ ያማተበችው ለየትኛው ነበር? እሱስ ደሪክን የሰጣት በየትኛው ስም ነበር? «ዛፍ የሚወድ ሽማግሌ» ቢላት ኖሮ «ይወደድ፣ ምናለበት» ብላ ወሬ ትቀይር ነበር።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ።»

«ሂድና አንኳኳበታ። ኢትስ ኖት ዛት ዲፕ።»

ጥልቅ አይደለም አለችው። ሊድስ ሆኖ ማየት ቀላል ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለጸሎቱ ሊነጋገር የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደ። ቄስ ገብረመድኅን በዕድሜ ልጁ ይሆናሉ፤ ፍረዘጊ ግን «አባቴ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም አንቱ ይሉታል፣ ሁለቱም ይከባበራሉ። ቄሱ በሥራ ቀን ታክሲ ስለሚነዱ ንስሐው የተሰማው መኪናቸው ውስጥ ነው፤ ፍረዘጊ ቀበቶውን አስሮ ተናዘዘ።

«አባቴ፣ ቄደር ልጠመቅ ይሆናል።»

ቄሱ ዞር ብለው አዩት። «እርስዎ? ምን ሆነው?»

«ከአረማዊ ጋር በላሁ።»

«ሥጋ ነው?»

«ሰውየው ሥጋ አይበላም። ከሁዳዴ ጾመኛ ይብሳል።»

«ለጣዖት የቀረበ ነገር አበላዎት?»

«ቪክቶሪያ ስፖንጅ ነው አባቴ። ጃም ያለበት።»

ቄሱ መሪው ላይ ተደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ፍረዘጊ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ፤ ሳቅ ነበር። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ለስለስ ብሎ ነበር።

«አቶ ፍረዘጊ፣ ቄደር ለካደ ሰው ነው። እርስዎ ማንን ካዱ?»

ጥያቄው እንደ ዋዛ ነበር የተጠየቀው። ስልካቸው ጠራ፤ የሚያደርሱት ሰው ነበር። መስቀላቸውን አሳልመው አወረዱት። ፍረዘጊ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። ማንንም አልካድኩም ሊላቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ያልወጣለት ግን ያ ከበሩ ሥር ያየው ጥላ መጥቶ ፊቱ ስለቆመ ነው።

ያም ሆኖ በዚያ ቀን አላንኳኳም፤ በማግሥቱም። ያጠፋ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል፤ አንድ ኮሪደር እንኳ ቢሆን።

ጥቅምት ማርያም ደረሰ። ጠዋት ፍረዘጊ ቆረበ፤ ከጎኑ አበባ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤቱ የማኅበሩን ሰዎች ጋበዘ። ዕፀገነትና ጓደኞቿ የጾም ወጥ ሠርተው መጡ፤ ቄስ ገብረመድኅን ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ «ነፍስ ይማር» ተባለ። አርሴማ ባቡሩ ስለተሰረዘባት በስልክ ስክሪን ውስጥ ሆና አለቀሰች። ደግ ሰዎች ናቸው ሁሉም። ግን ሎንዶን ነው፤ አንዷ ሽፍት አለባት፣ አንዱ ፓርኪንጉ ያልቅበታል፣ አንዱ ልጅ ሊያመጣ ነው። ገና በወጉ ሳይጨልም ቤቱ ባዶ ሆነ። ፍረዘጊ የተረፈውን ወጥ አየ፤ ለሳምንት ይበቃዋል። ፍሪዘሩ ደግሞ ሞልቷል።

በሩ ተንኳኳ።

እጁ በልማዱ ወደ መብራቱ ሄደ። መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ዘሎ በሩን ከፈተው። ደሪክ አልነበረም፤ አጽም፣ ጠንቋይና ዱባ መስለው የመጡ ሕፃናት ነበሩ፣ ኋላቸው እናታቸው። ያ ማታ የእንግሊዝ ልጆች በየበሩ ጣፋጭ የሚለምኑበት ነው፤ አበባ «የፈረንጅ ሆያ ሆዬ» ትለው ነበር። ፍረዘጊ ጣፋጭ አልነበረውም። ከዝክሩ የተረፈ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ አደላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አጽሙ።

«ገብስ ነው።»

አጽሙ ቅር ብሎት እናቱን አያት። ዞረው ወደ ደሪክ በር ሲሄዱ ፍረዘጊ በሩን ሳይዘጋ ቆመ። ደሪክ ከፈተ። ቸኮሌት አደለ። ልጆቹ ደረጃውን ሲወርዱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኮሪደሩ ማዶና ማዶ ተያዩ።

«ፍሬድ» አለ ደሪክ።

«ቆየኝ» አለ ፍረዘጊ። ወደ ውስጥ ገባ፣ ሳህን አወጣ፣ ምስር ወጡን፣ ጎመኑን፣ የተባረከውን ዳቦ ደረደረበት፣ ተሻገረ።

የደሪክ ቤት ሻማ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ ፖም፣ ዳቦ፣ የቢራ ብርጭቆ። ባዶ ወንበሮች ተስበው ቀርበዋል፤ አንዱ ፊት የጂል ፎቶ። ሌላው ፊት በአበባ ቀብር ዕለት የታደለው፣ ፎቶዋ ያለበት ወረቀት በብርጭቆ ተደግፎ ቆሟል። አበባ በነጠላዋ ውስጥ ሆና እንደ ልማዷ ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋለች።

«ሳትፈቅድልኝ ነው ያስቀመጥኳት» አለ ደሪክ። «ካልወደድከው አነሣዋለሁ።»

«አታንሣው» አለ ፍረዘጊ። ሳህኑን ፎቶዋ አጠገብ አኖረው። «ዳቦው የዝክሯ ነው።»

ተቀመጡ። ደሪክ ከወጡ በዳቦ ጠቅሶ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«ያን ቃል ስትለኝ…» ብሎ ጀመረ ፍረዘጊ፣ «በቋንቋችን ክፉ ስም ነው።»

«በእኛም ክፉ ነበር። ለዚህ ነው ቀድሜ ራሴ የምናገረው። ከሌላ ሰው ስትሰማው ይብሳል።»

«ቤት አልነበርኩም ልልህ አስቤ ነበር።»

«ነበርክ» አለ ደሪክ፣ ሳይቆጣ። «ሳንኳኳ ቴሌቪዥኑ ይጠፋ ነበር።»

ፍረዘጊ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ሞኝነት! ጆሮውን ሲሸሽግ ጭራው የታየ ውሻ።

«ይቅር በለኝ» አለ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛው «ሶሪ» አልበቃ ብሎት።

ደሪክ የተረዳው ይመስላል። ወደ አበባ ፎቶ አየ። «እሷ ምን ትለው እንደነበር ነግራህ ታውቃለች? ዛፉን?»

«እንዴት?»

«አንድ ቀን ቢራ ሳፈስለት ከመስኮት አይታኝ ወረደች። ምን እያደረግህ ነው አለችኝ። ነገርኳት፤ ፔጋን መሆኔንም፣ ሁሉንም። ሳቀች። አክስቷ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ እንዳለ፣ ሰው ሥሩ ተሰብስቦ ዝናብ እንደሚለምን ነገረችኝ። አንድ ቃል አስተማረችኝ።» ደሪክ ከንፈሩን አመቻቸ። «አድ-ባር። ከዚያ ወዲህ ስሙ እሱ ነው።»

ፍረዘጊ ይህን ሰምቶት አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ የምታወራውን ሁሉ የሰማ መስሎት፣ ይኸው አንድ ያልሰማው ወሬ ቀርቶላት ነበር። ለእሱ የሰሌዳው ቃል ሲመጣለት፣ ለእሷ የአክስቷ አገር መጣላት። አበባ ቃሉን ስትናገር የሚኖራት ድምፅ ጆሮው ላይ መጣና፣ ከዓመት በኋላ አዲስ ነገር የነገረችው መሰለው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ለማርያም ብለህ ደግመህ በለው» አለ።

«አድ-ባር።»

«እሷ ደህና አድርጋ ነው ያስተማረችህ።»

ሻማው ሊያልቅ ሲል ደሪክ ሌላውን ነገር ተናገረ። የወንድሙ ልጅ ገጠር፣ ሄሪፎርድ አካባቢ ናት። ና ከኛ ጋር ኑር ስትለው ዓመታት ሆኗታል፤ እምቢ ይላት ነበር። ባለፈው ወር ግን እሺ አላት።

«ባለፈው ወር?»

«አዎ። ጥሩ ክፍል ናት። የገናን ሳምንት እዚህ አሳልፌ እሄዳለሁ።» ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ማክሰኞዎቹ ረዘሙብኝ፣ ፍሬድ። ሰው እንዲህ ነው፣ ዝም ይላል፣ አልፈረድኩብህም። ብቻ ልጅቷ ስትጠይቀኝ ‹እምቢ› የምልበት ምክንያት ጠፋኝ።»

ፍረዘጊ «ቅር፣ አትሂድ» ሊለው ፈለገ። ግን በምን አፉ? ሰውየው ቃሉን ሰጥቷል፤ ልጅቷም ክፍሉን ቀለም ቀብታለች። «ገጠር ከሆነ…» አለ በመጨረሻ፣ «መንደርተኛ ነህና፣ የስምህ ትርጉም አገር ገባህ ማለት ነው።» ደሪክ ከልቡ ሳቀ። ያ ሳቅ ፍረዘጊን ከወቀሳ ይበልጥ አመመው።

ከዚያ ወዲህ ከቀሯቸው ማክሰኞዎች አንድም አላሳለፉም። የነቢያት ጾም እስኪገባ የፍሪዘሩን ኬኮች እየፈቱ በሏቸው፤ ጥቂቶቹ አተር አተር ይሉ ነበር። ጥር ላይ አንድ ነጭ ቫን መጣ። ደሪክ የዛፉን ግንድ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ ፍረዘጊን አቅፎ፣ ካልሲዎቹ አሁንም ሳይስማሙ ሄደ።

አሁን በደሪክ ቤት ወጣት ባልና ሚስት ገብተዋል። ሰላም ይላሉ፤ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ።

የእንግሊዝ በጋ ሆኖ ዝናቡ ጠፋ፤ ሣሩም ነደደ። ፍረዘጊ ማክሰኞ ማክሰኞ ማሰሮ የምታህል ፕላስቲክ ጆግ ሞልቶ ይወርዳል። ቢራ አያፈስም፤ ውሃ ነው። ዛፍ ውሃ ማጠጣት ቄደር አያስጠምቅም፤ ይህን የትኛውንም ካህን ሳይጠይቅ በራሱ ሥልጣን ወስኗል። አንድ ምሽት ዕፀገነት የማኅበሩን ጠበል ጻዲቅ ልታደርስለት መጥታ እዚያው ደረሰችበት።

«አንተ ሰው፣ ምን ስትሠራ ነው?»

«ውሃ ሳጠጣ።»

«ማዘጋጃ ቤቱስ?»

«ሥራ ይበዛበታል።»

«የማን ዛፍ ነው ደሞ?»

«የጎረቤቴ።»

ዕፀገነት ወደ ሕንፃው ቀና አለች። «ያ… የሄደው?»

«የሄደው» አለ ፍረዘጊ።

ሌላ ነገር ልትል ነበር፤ ፊቱን አየችና ተወችው። ዳቦውን በእጁ አስይዛ፣ «ግባ፣ ይበርድሃል» ብላ፣ በዚያ በበጋ ሙቀት፣ ወደ አውቶቡሷ ሄደች።

ፍረዘጊ የጆጉን ጠብታ ከሥሩ አራገፈና አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የደሪክን ቦታ ለቆ። ከላይ መስኮቱ ይታየዋል። መብራቱን አብርቶት ነው የወረደው፤ አሁን አሁን ሲወጣ አያጠፋውም። ከታች ሆኖ ለሚያይ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል።